እንቅርት የትንፋሽን መንገድ ሲይዝ

ጣታችሁን በአንገታችሁ ፊት ለፊት አኑሩና ምራቃችሁን ዋጡ። ወደ ላይ ወጣ ብሎ የሚመለስ ጠጣር ነገር ይሰማችኋል። ይህ ማንቁርት ነው፤ ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ከደረት አጥንት ከፍ ብሎ፣ ለስለስ ያለ ሥጋ አለ። ጤነኛ ሲሆን በዓይን አይታይም፤ በጣትም እምብዛም አይገኝም። ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። መልኩ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። አንዱ ክንፍ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ሆኖ የትንፋሽ ቧንቧውን ከፊት አቅፎ ይቀመጣል። ሐኪሞች ታይሮይድ ዕጢ ይሉታል። በኛ አገር ማንኛውም እብጠት «ዕጢ ነው» ስለሚባል እዚህ ላይ መሳሳት አይገባም። ይህኛው ዕጢ በሽታ አይደለም። ሁላችንም ዘንድ አለ፤ ያለ ፈሳሹም መኖር አይቻልም።

ሥራው ምንድን ነው? የሰውነትን ሙቀትና ጉልበት ይቆጣጠራል። ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ እሳቱ ሲደክም እንጨት እንደምትጨምር፣ ሲበረታ እንደምታወጣ ሴት ማለት ነው። የዕጢው ፈሳሽ ካነሰ ሰው ይበርደዋል፤ ይደክመዋል፤ ፊቱ ያብጣል፤ ሐሳቡም ይዘገያል። ከበዛ ደግሞ ልቡ ይመታል፤ እየበላ ይከሳል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ዕጢው ይህን ሥራ ለመሥራት አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። የደጋው አፈር ግን ለብዙ ዘመን በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ አልቋል። አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም፤ እህሉ ከሌለው ሰውም አያገኝም። አዮዲን ያጣ ዕጢ ያለችውን ለመሰብሰብ ይለፋል፤ እየለፋ ያብጣል። ይኸው ነው እንቅርት።

እንግዲህ አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። አብዛኛው እንቅርት ነቀርሳ አይደለም። ነቀርሳ ማለት በከተማ ካንሰር የሚባለው፣ ሥጋ ከልኩ አልፎ እየበዛ ጎረቤቱን የሚወርስበት በሽታ ነው። በታይሮይድ ላይ ከሚወጡ 100 እባጮች መካከል ነቀርሳ ሆነው የሚገኙት ከ5 እስከ 10 ገደማ ናቸው። ስለዚህ እንቅርት ያለባት ሁሉ ይህን አንብባ እንቅልፍ እንድታጣ አይደለም የተጻፈው። የተጻፈው ስለ ጥቂቶቹ ነው። እነዚያ ጥቂቶች ግን በየቀበሌው አሉ፤ ብዙ ጊዜም «የለመደችው እንቅርት ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

የአንገት ጎረቤቶች

በግ ያረደ ሰው የትንፋሽ ቧንቧን ያውቀዋል። አንገቱ ሲቆረጥ ክፍት ሆኖ የሚታየው፣ ሲነኩት የማይጨፈለቀው፣ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደረደረበት ቧንቧ ነው። የሰውም እንዲሁ ነው። የአዋቂ ሰው ቧንቧ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስፋቱ የአውራ ጣት ያህል ነው። ከ16 እስከ 20 የሚደርሱ ቀለበቶች አሉት። ቀለበቶቹ ከልም አጥንት የተሠሩ ናቸው። ልም አጥንት የጆሯችሁን ቅርጽ የያዘው፣ ቢያጥፉት የሚመለሰው ዓይነት ነው። በጉን ስታርዱ ልብ ብላችሁ ከሆነ ቀለበቱ ሙሉ አይደለም። እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት በስተኋላ ክፍት ነው። ከኋላው የምግብ ቧንቧ አለ። ጉርሻ ሲወርድ የትንፋሽ ቧንቧው የኋላ ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ ቦታ ይለቃል። እንዴት ያለ ብልኀት ነው!

ሌላም ጎረቤት አለ። በትንፋሽ ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ሽንቁር፣ በግራም በቀኝም፣ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ማንቁርት ሄዶ የድምፅ አውታሮችን ያዝዛል። ይህ ነርቭ ከተነካ ድምፅ ይሻክራል። ሁለቱም ከተነኩ አውታሮቹ አልከፈት ብለው ትንፋሽ ሊያግዱ ይችላሉ። እንዲሁም ከታይሮይዱ ጀርባ ምስር የሚያህሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ተለጥፈው ይገኛሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው አንድ እጅ በሚጨብጠው ቦታ ነው። ለዚህ ነው የአንገት ቀዶ ጥገና ጥንቃቄ የሚጠይቀው።

ነቀርሳው እንዴት ቧንቧውን ይይዛል?

የታይሮይድ ነቀርሳ አንድ ዓይነት አይደለም። በብዛት የሚገኘው ቀስ ብሎ የሚያድገው ነው። ከ10 ሕሙማን 8 ያህሉ የሚይዛቸው ይኸው ነው፤ በጊዜው ቀዶ ጥገና ካገኙ አብዛኞቹ ድነው ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ከባዱና ፈጣኑ ዓይነት በሳምንታት ውስጥ አንገትን የሚሞላው ነው፤ እሱ ግን ጥቂት ነው። ሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል በዚህ በሽታ ይያዛሉ።

ቀስ ብሎ ያድጋል ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ዕጢው ቧንቧው ላይ ተደግፎ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ነቀርሳው ከዕጢው ከረጢት ሲወጣ መጀመሪያ ከሚያገኛቸው ጎረቤቶች አንዱ የትንፋሽ ቧንቧው ነው። በመጀመሪያ ከውጭ ይለጠፍበታል። ቀጥሎ በቀለበትና በቀለበት መካከል ባለው ለስላሳ ቦታ ይገባል፤ አረም በድንጋይ ካብ ስንጥቅ እንደሚበቅለው ነው። ከዚያ ልም አጥንቱን ይበላል። በመጨረሻም የውስጠኛውን ስስ ሽፋን ገፍቶ በትንፋሹ መንገድ ላይ ያብጣል። ሐኪሞች ነቀርሳው ከነዚህ ደረጃዎች የቱ ላይ እንደ ደረሰ ለይተው ነው ቀዶ ጥገናውን የሚመርጡት።

ምልክቱ ምንድን ነው? ድምፅ ሲሻክርና ሳምንታት አልፈው አልመለስ ሲል። ሲተነፍሱ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሲሰማ። ሳል ደም ሲቀላቅል። በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ሲያጥር፤ ሰውየው ተቀምጦ ማደር ሲጀምር። ጉርሻ አልወርድ ሲል። ለዓመታት እንደዚያው የኖረ እንቅርት በድንገት ማደግ ሲጀምር፣ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር፣ ምራቅ ሲዋጥ አልንቀሳቀስ ሲል። በአንገት ጎን ንፍፊት ሲወጣ። ድምፅ በጉንፋንም ይሻክራል፤ ትልቅ እንቅርት ነቀርሳ ሳይሆንም ቧንቧን ይጫናል። ስለዚህ ምልክቱ መታየቱ ፍርድ አይደለም። አሳሳቢው ነገር፣ አንዳንድ ሰው ነቀርሳው ቧንቧውን ነክቶት ሳለ ምንም ሳይሰማው መቆየቱ ነው። የሚለየው በምርመራ ብቻ ነው።

በአንዳንድ አካባቢ እንቅርት እንዲጠፋ አንገትን ይነቅሳሉ። ንቅሳቱ ያምር ይሆናል፤ በውበቱ አልከራከርም። ነገር ግን መርፌው የሚደርሰው ቆዳ ላይ ነው፤ እንቅርቱ ያለው ከቆዳና ከጡንቻ በታች ነው። መተኮስም እንደዚሁ ነው፤ የሚያተርፈው ቁስልና ጠባሳ ነው።

ሐኪም ቤት የሚደረገው ምርመራ ብዙ አያስፈራም። ሐኪሙ አንገትን ይዳስሳል። አልትራሳውንድ በሚባል መሣሪያ ከቆዳ ላይ ሆኖ እባጩን ያያል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ትንሽ ናሙና ይወስዳል፤ ሕመሙ ክትባት ከመወጋት ብዙ አይበልጥም። ናሙናው በማጉያ መነጽር ይታያል። ነቀርሳ ሆኖ ድምፅም ከሻከረ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ የድምፅ አውታሮቹ ይታያሉ። ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አንገትን እንደ ዳቦ በስስ በስሱ ቆርጦ እንደማየት ያለ ሥዕል ያወጣል። ቧንቧው ተነክቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ውስጡንም በቱቦ ያዩታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ነው። ከከፈተ በኋላ «ለካ ገብቷል!» ማለት ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ክፉ ነው፤ ለዚያ የተዘጋጀ መሣሪያም ሰውም ላይኖር ይችላልና።

እንቅርት መቁረጥ የተለመደው እንዴት ነው?

ወደ ቧንቧው ከመግባታችን በፊት ትንሽ ታሪክ እንይ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስዊዘርላንድ ተራራማ አገር ናት፤ ባሕር የላትም። እንቅርትም እንደኛው ሞልቶባት ነበር። በርን በምትባለው ከተማዋ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። ከሱ በፊት እንቅርት ሲቆረጥ ብዙ ሰው ደሙ ፈስሶ ወይም ቁስሉ መርቅዞ ይሞት ነበር። ኮኸር ንጽሕና ጠብቆ፣ የደም ሥሮቹን አንድ በአንድ እያሰረ፣ ሳይቸኩል ይሠራ ጀመር። በዕድሜው ከ5,000 በላይ የእንቅርት ቀዶ ጥገና አድርጓል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞትበትም ነበር። በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ግን አንድ ነገር ገጠመው። በ1883 ዕጢያቸውን በሙሉ ያወጣላቸውን ሰዎች ጠርቶ ቢያያቸው ብዙዎቹ ተለውጠዋል። ፊታቸው አብጧል፤ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል፤ ንግግራቸው ተጎትቷል። ምድጃው ጠፍቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ከወዴት ቢሉ ከበግ ነው። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም የበግ ታይሮይድ ጨምቆ፣ የራሷ ዕጢ ሥራውን ላቆመ አንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ዳነች። በኋላም መድኃኒቱን በአፍ እየወሰደች እስከ 1919 ኖረች፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ከ870 በላይ በጎች ዕጢ ተወስዶላታል። ዛሬ በግ አይታረድም፤ ፈሳሹ በፋብሪካ ተሠርቶ በትንሽ እንክብል ይሰጣል። ዛሬ ሐኪም ለነቀርሳ ሲል ዕጢውን ጠርጎ ማውጣት የሚችለው ይህ እንክብል ስላለ ነው።

መላግ፣ መስኮት ማውጣት፣ ቆርጦ መቀጠል

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ነቀርሳው ቧንቧውን ከያዘ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ታይሮይዱን በሙሉ ያወጣል። ነቀርሳ ያለበትን ንፍፊትም ይጠርጋል። ከዚያ ቧንቧው ጋ ይደርሳል። መንገዱ እንደ በሽታው ጥልቀት ይለያያል።

ነቀርሳው ከውጭ ብቻ ተለጥፎ ከሆነ ይላገዋል። አናጢ እንጨት በመላጊያ እንደሚልግ፣ ነቀርሳውን ከልም አጥንቱ ላይ በስለት ይፍቀዋል። ቧንቧው አይከፈትም። ሕመምተኛው ቶሎ ይነሣል። በዓይን የሚታይ ነቀርሳ ካልቀረ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይድናል።

ችግሩ ነቀርሳው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሳለ መላግ ብቻ ሲደረግ ነው። ሰርዶን የምታውቁ ገበሬዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ሰርዶ በማጭድ ቢታጨድ ማሳው ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል። ክረምት ሲመጣ ግን ከሥሩ ይመለሳል። ቀዶ ሐኪሞች እርስ በርሳቸው በዚህ ይከራከራሉ። አንዳንዱ «ቧንቧውን አልነካም፤ የቀረውን በመድኃኒት እንከታተለዋለን» ይላል። አንዳንዱ «ሥሩን ካልነቀልኩ አልተኛም» ይላል። ለኔ የሚታየኝ፣ ከላይ ለተለጠፈው የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ውስጥ ለገባው ግን ሁለተኛው ይበልጣል። ምክንያቱም ነቀርሳው ተመልሶ ሲመጣ ወደ ውስጥ ያድጋል፤ ያን ጊዜ የሚዘጋው የትንፋሽ መንገዱን ነው፤ ወይም ይደማል። የሁለተኛው ቀዶ ጥገና በጠባሳ ውስጥ ስለሚሠራ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ነቀርሳው የገባበት ቦታ ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም ከቧንቧው ዙሪያ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ያን ቦታ እንደ መስኮት ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ቀዳዳው ከአንገት ጡንቻ በተወሰደ ሥጋ ይጣፋል። ወይም ለጊዜው ክፍት ሆኖ ይቆይና በኋላ ይዘጋል።

ቦታው ሰፊ ከሆነስ? የታመሙት ቀለበቶች ሙሉ ለሙሉ ይቆረጡና ይወጣሉ። ከላይና ከታች የቀሩት ጫፎች እንደገና ይገጣጠማሉ። «እንዴ! የትንፋሽ ቧንቧ ተቆርጦ ሰው በምን ይተነፍሳል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቷል፤ በአፉ በገባ ቱቦ መሣሪያው ያስተነፍሰዋል። ቧንቧው ሲከፈት ሐኪሙ ሌላ ንጹሕ ቱቦ በተቆረጠበት በኩል ወደ ታችኛው ጫፍ ይሰድዳል። አየሩ በዚያ በኩል ወደ ሳንባ ይገባል። ሐኪሙ የኋላውን ስፌት ይጨርስና የታችኛውን ቱቦ አውጥቶ የላይኛውን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ከዚያ የፊቱን ይሰፋል። ማደንዘዣ ሰጪውና ቀዶ ሐኪሙ እንደ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር መሄድ አለባቸው። አንዱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ሕመምተኛው አየር ያጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ቧንቧው አያጥርም ወይ?» የሚለው ነው። የተበጠሰ ጠፍር የቀጠለ ሁሉ ያውቃል፤ ሲቀጥሉት ያጥራል፤ ሲስቡት ቋጠሮው ይፈታል። የጥንት ሐኪሞችም ይህን ፈርተው ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ መቁረጥ አይቻልም ይሉ ነበር። በአሜሪካ አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ሄርምስ ግሪሎ የተባለ ቀዶ ሐኪም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን እየለካ አጠና። አንገት ወደ ፊት ሲጎነበስ ቧንቧው ከደረት ወደ አንገት ከፍ እንደሚልና ጫፎቹ እንደሚቀራረቡ አሳየ። በዙሪያው ያለውን ሥጋ በዘዴ በማላቀቅ በሚመቸው ሰው ላይ የቧንቧውን ግማሽ ያህል እንኳ አውጥቶ መቀጠል እንደሚቻል ታወቀ። በሽማግሌ ሰው ላይ ቧንቧው ስለሚደርቅ ያን ያህል አይሳብም። ግሪሎ በ1986 የታይሮይድ ነቀርሳ ቧንቧቸውን የያዘባቸውን ሕሙማን በዚህ መንገድ ስለ ማከም ከባልደረባው ጋር ጽፎ አሳተመ።

እዚህ ላይ ለጠያቂ ዘመድ መንገር የሚያስፈልግ ነገር አለ። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ሕመምተኛው አገጩ ከደረቱ ጋር በወፍራም ክር ተሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ያላወቀ ሰው ይደነግጣል፤ «ምን አደረጓት!» ብሎ ይጮኻል። በስሕተት ወይም በጭካኔ የተደረገ አይደለም። አንገቷን በእንቅልፍ ልቧ ቀና አድርጋ ስፌቱን እንዳትበጥስ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል እንደዚያ ጎንበስ ብላ ትቆያለች፤ ከዚያ ክሩ ይፈታል። በዚያ ሳምንት ትራስ ከኋላዋ አድርጎ መደገፍ እንጂ «እስቲ ቀና በይ» ማለት አይገባም።

ማንቁርት ሲነካ

ከሁሉ የሚከብደው ነቀርሳው ወደ ላይ ወጥቶ ማንቁርቱን ከውስጥ ሲወርስ ነው። ጥቂት ከሆነ የተነካው ክፍል ብቻ ይወጣል። ብዙ ከሆነ ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ከእንግዲህ በአፍና በአፍንጫ አይተነፍስም። የትንፋሽ ቧንቧው በአንገቱ ግርጌ በቀዳዳ ይከፈታል፤ ዕድሜ ልኩን በዚያ ይተነፍሳል። እንደ ቀድሞው በአፉ ይበላል፤ ድምፁ ግን ይሄዳል። ተለማምዶ አየር ወደ ምግብ ቧንቧ ዋጥ አድርጎ በመመለስ፣ ወይም አንገት ላይ በሚያኖሩት መሣሪያ መናገር የሚችል አለ። እንደ ቀድሞው ግን አይዘፍንም፤ ከማዶ ተራራም አይጣራም።

ይህን መወሰን ቀላል አይደለም። ለሐኪምም፣ ለዘመድም ብቻ የሚተው አይመስለኝም። በኛ አገር ዘመዶች ተሰብስበው ለሕመምተኛው ሳይነገረው ይወስናሉ፤ «ልቡ እንዳይሰበር» ይባላል። ደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ድምፁን የሚያጣው እሱ ነው። ሲነቃ ድምፅ የለውም፤ ለምን እንደሆነም ማንም አልነገረውም። ይህ ከነቀርሳው ያልተናነሰ ስብራት ነው። በተለይ ለእናቶች ይህን ማድረግ በዝቷል። ባልና ወንድም ከሐኪሙ ጋር በር ዘግተው ይነጋገራሉ፤ እሷ ደጅ ላይ ትቀመጣለች። አንገቱ የሷ ነው፤ ሐኪሙ ሲናገር እሷም ትስማ።

ነርቩም እንዲሁ ምርጫ ይጠይቃል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ድምፅ ጤነኛ ከሆነና ነቀርሳው ነርቩን አጥብቆ ካልያዘው፣ ሐኪሙ ልጦ ሊያድነው ይሞክራል። ነርቩ አስቀድሞ ከሞተና ነቀርሳ ከዋጠው ግን አብሮ ይቆረጣል። አንዱ ነርቭ ቢጎድል ድምፅ ይሻክራል እንጂ በአብዛኛው አይጠፋም።

ሁሉንም መቁረጥ ይቻላል ማለት አይደለም። ያ ፈጣኑ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ከቢላዋ ይቀድማል። ያን ጊዜ የሐኪሙ ሥራ ሰውየው ታፍኖ እንዳይሞት መጠበቅ ነው። ከተቻለ ከነቀርሳው በታች ቀዳዳ ይከፍትለታል፤ ወይም ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ ቱቦ ያስገባለታል። አያድነውም፤ ተኝቶ እንዲያድር ግን ያደርገዋል። ተኝቶ ማደር ደግሞ ለታፈነ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣትና ከንፈር ከጠዘጠዘ፣ እጅም ከተኮማተረ ቶሎ ለነርስ መናገር ነው። ምስር የሚያህሉት ዕጢዎች ደክመው ካልሲየም ወርዷል ማለት ነው፤ በመድኃኒት ይስተካከላል። አንገት በድንገት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳይጠፋ መጮኽ ያስፈልጋል። ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ቀስ ብለው ለሚያድጉት ዓይነቶች፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጨረር ያለበት አዮዲን በአፍ ሊሰጥ ይችላል። የታይሮይድ ሥጋ አዮዲን ስለሚወድ፣ የተበተነው ነቀርሳ አዮዲኑን ሲውጥ ጨረሩ ያቃጥለዋል። መርዝን በሚወዱት ምግብ ለውሶ ለአይጥ እንደ መስጠት ነው። ይህ ሕክምና በየቦታው አይገኝም፤ ወደ ቧንቧ የገባ ነቀርሳ አንዳንዴም አዮዲን መውሰድ ያቆማል። ስለዚህ የቀዶ ጥገናው ጥራት ትልቅ ዋጋ አለው።

እንክብሉ ታይሮክሲን ይባላል። በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቡናና ቁርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይሻላል። «ተሽሎኛል» ብሎ መተው አይቻልም። ዕጢው የለምና ዕድሜ ልክ ነው። የተወው ሰው ኮኸር በ1883 ያያቸውን ሰዎች ይሆናል።

ወዴት ይኬዳል? እንቅርት ላይ ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱን ያየ ሰው መጀመሪያ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለጤና ጣቢያ ያሳይ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል በወረቀት ይላካል። ተራ እንቅርት በብዙ ሆስፒታሎች ይወጣል። ቧንቧ ቆርጦ መቀጠል ግን ብዙ ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ወደ ትልልቆቹ ሪፈራል ሆስፒታሎች ነው የሚላከው። ሳይጨነቁ በእግር መድረስ በሚቻልበት ጊዜ መሄድና፣ ታፍኖ በቃሬዛ መሄድ አንድ አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮ ያላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመላኪያ ወረቀቱንም አትርሱ።

አዮዲን ያለበት ጨው እንቅርትን ይከላከላል። በአገራችን ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ጨው ነቀርሳን ሁሉ ያስቀራል አልልም፤ አዮዲን በሚያንስበት አገር ግን ከታይሮይድ ነቀርሳዎች መካከል የከባዶቹ ድርሻ ይበልጣል። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ። ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ አዮዲን በእሳት ይተናልና።

አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ካለ ደግሞ ጎረቤት ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር አለ። በሽታው አይተላለፍም፤ አብሮት መብላትና ቡና መጠጣት ይቻላል። አፍንጫው ያጣራለት የነበረውን አቧራ አሁን የሚያጣራለት ስለሌለ ቀዳዳውን በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍን። ጭስ በሞላበት ቤት አይቀመጥ። ጥልቅ ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ወንዝ ሲሻገር ውኃው ደረቱ ጋ ከደረሰ በቀዳዳው ገብቶ ሊያሰጥመው ይችላል። በመውቂያ ጊዜ አውድማ ላይ ከነፋሱ በላይ በኩል ይቁም፤ እብቁ ከሚሄድበት በኩል ሌላ ሰው ይቁምለት።